«የበረራ ተቆጣጣሪው ስህተት ነው» ሲባል፦ የአደጋ ሪፖርት አነባበብና ተጠያቂውን አፈላለግ

አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው፤ ለብዙ ዓመት እንጀራዬ የበረራ ቁጥጥር ስለነበረ። ከጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025) በኋላ ደግሞ ጥያቄው በረታ። የዚያን ቀን ምሽት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሬገን አየር ማረፊያ ሊያርፍ የተቃረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተላትሞ ሁለቱም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቁ። 67 ሰው አለቀ። እኔ የምኖረው እዚያው ወንዝ ዳር፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የዕድራችን ጸሐፊ «እትዬ፣ ተቆጣጣሪው ሄሊኮፕተሩንም አውሮፕላኑንም ብቻውን ነበር የያዘው አሉ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት ነው?» አለኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ይህን የምጽፈው ለእሱ፣ ዜናውን ለሚሠሩ ጋዜጠኞች፣ አገር ቤት ሄድሴት ማጥለቅ ለጀመሩ ወጣት ተቆጣጣሪዎችም ጭምር ነው።

በእጃችሁ ያለው ወረቀት የቱ ነው?

የአደጋ ምርመራ የሚመራው በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአይካኦ አኔክስ 13 ነው። አኔክሱ የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል መሆኑን፣ ጥፋተኛ መለየት የመርማሪው ሥራ አለመሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ጥፋተኛ የሚለየው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ ስታነቡ ግን አታደባልቋቸው።

መጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወድቆ የእኛው የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን ያወጣው መጋቢት 26 ነበር። በዚህ ወረቀት ላይ የአደጋ መንስኤ አትፈልጉ፤ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ የተባለውን ቃል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። የመጨረሻው ሪፖርት ከተቻለ በ12 ወር ውስጥ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል። በመሀል በቴሌቪዥን የሚቀርቡ «የቀድሞ ካፒቴኖች» የሚሉትን ስሙ፣ አትመዝግቡ።

ሪፖርቱን ከፊት አትጀምሩ

የአኔክስ 13 ሪፖርት ቅርጹ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ ለአንባቢ ትልቅ ጥቅም አለው። ምዕራፍ 1 እውነታው፣ ምዕራፍ 2 ትንተናው፣ ምዕራፍ 3 መደምደሚያው፣ ምዕራፍ 4 ምክረ ሐሳቡ ነው። ቁጥር 1.1 የበረራው ታሪክ ነው። ልብ የሚሰቅለው እሱ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚያ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። 1.1 የሚያሳያችሁ የመጨረሻውን ሰው ነው፤ ማይክሮፎኑን ይዞ የነበረውን።

እኔ የምጀምረው ከ1.17 ነው፤ ስለ ድርጅቱና ስለ አስተዳደሩ ከሚናገረው ክፍል። በዚያ ሺፍት ስንት ሰው ተመድቦ ነበር? ደንቡ ስንት ይላል? ልማዱስ ምን ነበር? ደንቡና ልማዱ ከተለያዩ ልማዱን ማን ያውቅ ነበር? ቀጥሎ ስለ መገናኛ የሚያወራውን 1.9ን አነባለሁ፤ የስልክና የሬዲዮ ችግር የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ 1.1 የምመለሰው። በዚህ ቅደም ተከተል ስታነቡ ተቆጣጣሪው ገና አፉን ሳይከፍት ምን ዓይነት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ።

ሁለት ዓምድ አስምሩ

አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ ለሁለት ክፈሉት። በግራው የተባለውንና የተደረገውን በሰከንድ፣ በቀኙ በዚያው ቅጽበት ዙሪያውን የነበረውን ጻፉ። ይህን ልምምድ ለማስተማር ሁልጊዜ የምጠቀመው የኡበርሊንገንን አደጋ ነው። በእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ሪፖርት አላየሁም፤ ሳነበው አሁንም ያመኛል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና የሚበር የባሽኪሪያን አየር መንገድ ቱፖሌቭ 154 እና ከቤርጋሞ ወደ ብራስልስ የሚሄድ የዲኤችኤል ቦይንግ 757 የጭነት አውሮፕላን ደቡብ ጀርመን፣ ኡበርሊንገን አጠገብ ተጋጩ። 71 ሰው ሞተ፤ ከቱፖሌቩ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ቦታው ጀርመን ቢሆንም አየሩን የሚቆጣጠረው የስዊዘርላንዱ ስካይጋይድ ነበር፣ ከዙሪክ ሆኖ።

የግራው ዓምድ እንዲህ ይሆናል። ግጭቱን ዜሮ በሉት። 50 ሰከንድ ሲቀረው በሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ ቲካስ የሚባለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ «ትራፊክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም 36,000 ጫማ ላይ ናቸው። 43 ሰከንድ ሲቀር ተቆጣጣሪው ቱፖሌቩን ወደ 35,000 በፍጥነት ውረድ ይለዋል። 36 ሰከንድ ሲቀር ቲካሱ ቱፖሌቩን ውጣ፣ ቦይንጉን ውረድ ይላል። ቱፖሌቩ ግን በሰው ቃል መውረድ ጀምሯል። 29 ሰከንድ ሲቀር ተቆጣጣሪው ትእዛዙን ይደግምና ሌላው አውሮፕላን በ«ሁለት ሰዓት» አቅጣጫ፣ ማለትም በቀኝ እንዳለ ይናገራል፤ የሚመጣው ግን በግራ ነበር። 13 ሰከንድ ሲቀር የቦይንጉ አብራሪዎች በቲካስ ትእዛዝ እየወረዱ መሆኑን ይናገራሉ፤ ንግግሩ ተቆጣጣሪው ጋ አልደረሰም። ሁለቱም እየወረዱ 35,000 ጫማ አካባቢ ተገናኙ።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «ተቆጣጣሪው ዘገየ፣ አቅጣጫውንም አሳሳተ» ይላል። እውነት ነው፤ ሪፖርቱም ይህን አልደበቀም።

አሁን ወደ ቀኙ ዓምድ። የዚያን ሌሊት በራዳሩ ሲስተም ላይ የጥገና ሥራ ስለነበር ዋናው ወደ ተጠባባቂ አሠራር ወርዷል። ሁለት አውሮፕላን ሲቀራረብ ስክሪኑ ላይ ብልጭ የሚለው ማስጠንቀቂያ አይሠራም። ከአጎራባች ማዕከላት ጋር የሚያገናኘው ዋናው ስልክ ለሥራው ሲባል ተዘግቷል፤ ምትክ የተባለውም መስመር ብልሽት ነበረበት። ባልደረባው ወደ ማረፊያ ክፍል ሄዷል። ተቆጣጣሪው ብቻውን ሁለት የሥራ ጠረጴዛ፣ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ይዟል። በዚያ ላይ ዘግይቶ ወደ ፍሪድሪክስሃፈን የሚያርፍ አንድ ኤርባስ መጣበት፤ እሱን ለማስረከብ ስልኩን ደጋግሞ ሞከረ፣ አልሠራም። ወንበሩን እየገፋ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲመላለስ ሁለቱ አውሮፕላኖች እየተቀራረቡ ነበር። ጀርመን ካርልስሩህ ማዕከል ያሉ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ የእነሱ ማስጠንቀቂያ ከግጭቱ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ጮሆላቸው ነበር። ዙሪክን ለማግኘት ደወሉ፣ ደጋግመው ደወሉ፣ መስመሩ አልገባ አለ። እያዩ አለቀ።

ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ጥያቄው ይለወጣል። ጥገናውን ለዚያ ሌሊት የፈቀደው ማን ነው? ስልክ እንደሚዘጋ እየታወቀ ተጨማሪ ሰው ለምን አልተመደበም? ሌሊት አንድ ሰው ሲሠራ ሌላው እንደሚያርፍ የሚያውቀው ማን ነበር? የጀርመኑ መርማሪ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሜይ 2004 ባወጣው ሪፖርት የመጨረሻውን ጥያቄ መልሶታል፦ አስተዳደሩ ያውቅ ነበር፣ ለዓመታትም ታግሶት ኖሯል።

ሌሊት የሠራ ሰው ይህ ልማድ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሁለት ሦስት ስትሪፕ (የእያንዳንዱ በረራ መረጃ የሚጻፍበት ቁራጭ ወረቀት) ብቻ መደርደሪያው ላይ ይቀራል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። «ትራፊክ የለም፣ አንተ ትንሽ ጋደም በል» ማለት ደግነት ነው የሚመስለው። ያቺን ደግነት ማስቆም የሚችለው የሠራተኛ ምደባውን የሚፈርመው አለቃ ብቻ ነው። ተተኪ ሰው ካልሰጠ ደግሞ ማስታወቂያ መለጠፉ ዋጋ የለውም።

ከዚህ በፊት ታይቶ ነበር ወይ?

ተጠያቂነትን የሚፈልግ ሰው መርሳት የሌለበት ጥያቄ ይህ ነው። ከኡበርሊንገን 17 ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2001፣ ጃፓን ላይ ሁለት የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላኖች ከመጋጨት ለጥቂት ተርፈዋል። በሥልጠና ላይ የነበረ ተቆጣጣሪ የበረራ ቁጥር አቀያይሮ ውረድ ሊለው ያሰበውን ትቶ ሌላውን ውረድ አለ። ቲካሱ ያንኑ አውሮፕላን ውጣ ይለዋል፣ ካፒቴኑ የሰውን ቃል ተከተለ። በመጨረሻ ሌላውን በዓይን አይቶ ገሸሽ በማለቱ ነው የተረፉት፤ መቶ ያህል ሰው ቆስሏል። በሰውና በመሣሪያ መካከል ትእዛዝ ሲጋጭ ማን ይሰማል የሚለው ጥያቄ በዚያ ቀን ዓለም ፊት ቀርቦ ነበር። አብራሪዎች ቲካሱን እንዲከተሉ ደንቡ በማያሻማ ቃል የተጻፈው ከኡበርሊንገን በኋላ ነው።

የፖቶማኩም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 እንደገለጸው፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ በሬገን አካባቢ ሄሊኮፕተርና የንግድ አውሮፕላን ከአንድ የባሕር ማይል ባነሰ ርቀትና ከ400 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት የተቀራረቡበት 15,214 ጊዜ ተመዝግቧል። ከእነዚህ 85ቱ ከ1,500 ጫማ ባነሰ ርቀትና ከ200 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት ነበሩ። መረጃው በመንግሥት እጅ ነበር። ሄሊኮፕተሩ በተፈቀደለት 200 ጫማ ላይ፣ በምሥራቁ የወንዝ ዳርቻ ቢበር እንኳ፣ ወደ ማኮብኮቢያ 33 ከሚወርድ አውሮፕላን ጋር የሚኖረው ልዩነት ወደ 75 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ለዕድሩ ጸሐፊ ይህን ቁጥር ነገርኩት። ያን መስመር የነደፈው የቁጥጥር ማማው ላይ የነበረው ልጅ አይደለም አልኩት።

የመንስኤውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ፈልጉ

ምዕራፍ 3 ላይ ስትደርሱ የመንስኤውን አንቀጽ በእርሳስ አስምሩበትና «አላደረገም» የሚለው ግሥ ባለቤት ማን እንደሆነ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ሎስ አንጀለስ አንዲት ተቆጣጣሪ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ እንዲጠብቅ አድርጋ ረሳችው፤ በዚያው ማኮብኮቢያ የዩኤስኤር ቦይንግ 737 እንዲያርፍ ፈቀደች። 35 ሰው ሞተ። የምድር ራዳሩ ያን ቀን አይሠራም ነበር። ረሳች፤ ይህን የሚክድ የለም። ቦርዱ የጻፈው የመንስኤ አንቀጽ ግን የሚጀምረው የማማው አስተዳደር አንዱ ሲረሳ ሌላው የሚይዝበትን አሠራር አለመዘርጋቱን፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም (ኤፍኤኤ) በቂ መመሪያና ክትትል አለመስጠቱን በመናገር ነው። የእሷ መርሳት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የዚህ ውጤት ሆኖ ነው። ዜናው «የተቆጣጣሪ ስህተት» ብሎ ባለፈበት ሪፖርቱ ሁለት መሥሪያ ቤት ጠርቷል።

ሪፖርቱ በተቃራኒው «ተቆጣጣሪው አላስተዋለም» ብቻ ብሎ ካቆመ ጠርጥሩት። ለምን አላስተዋለም የሚለው ካልተጻፈ ምርመራው መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ምክረ ሐሳቡም «ተጨማሪ ሥልጠና ይሰጥ» ከማለት አያልፍም።

ማን ይጠየቅ?

የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ሰክሮ የገባ፣ ቦታውን ያለ ፈቃድ ትቶ የሄደ፣ ቅጂ ያጠፋ፣ መዝገብ የፋቀ ተቆጣጣሪ በሕግ ይጠየቅ። ደንቡን ተከትሎ፣ በተሰጠው መሣሪያና በተሰጠው የሰው ኃይል እየሠራ የተሳሳተ ግን እስር ቤት ሲገባ የሚጠቀም መንገደኛ የለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1976 ዛግሬብ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 176 ሰው ሲሞት ማዕከሉ በሰው እጥረትና በሥራ ብዛት የተጨናነቀ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ 7 ዓመት ተፈረደበት፤ ባልደረቦቹ አቤት ብለው ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈታ። ጃፓን ደግሞ በ2001ዱ ክስተት ሠልጣኙንና አሠልጣኙን ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ ነጻ ብላ በይግባኝ ጥፋተኛ አድርጋለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 አጸናው።

የኡበርሊንገኑ ከሁሉም ይከፋል። ሪፖርቱ ከመውጣቱ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአደጋው ያጣ አባት ተቆጣጣሪውን ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደለው። የአባቱን ሐዘን የማይረዳ ሰው የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊስ ፍርድ ቤት ከቀረቡለት ስምንት የስካይጋይድ ሠራተኞች አራቱን ጥፋተኛ ሲል፣ ከእነሱ ሦስቱ ኃላፊዎች ነበሩ። ተቆጣጣሪው ያን ሊሰማ አልቻለም። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን የኮንስታንዝ ከተማ ፍርድ ቤት የጀርመን መንግሥትን ራሱን ተጠያቂ አድርጓል፤ አየሩን ለስዊዘርላንድ የሰጠበት ሕጋዊ ውል አልተሟላም ብሎ። ድንበር ላይ የሚደርስ አደጋ ስታነቡ ይህን ውል ፈልጉት፤ አየሩን የሚቆጣጠረውና የአየሩ ባለቤት የሆነው አገር ሁልጊዜ አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ስህተትን በፈቃደኝነት ማሳወቅ ለምን ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ለሚጠይቅ የምነግረው የቲደብልዩኤ 514ን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ይህ አውሮፕላን እዚሁ ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ወድቆ 92 ሰው ሞተ። ከተቆጣጣሪው የተሰጠውን የማረፊያ ፈቃድ አብራሪዎቹ «አሁን መውረድ ትችላላችሁ» ብለው ተረድተውት ነበር። ከሳምንታት በፊት ሌላ አየር መንገድ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አለመግባባት ለጥቂት ተርፏል፤ ወሬው ከዚያ ድርጅት ውጭ አልወጣም። ናሳ የሚያስተዳድረው የምስጢር ማሳወቂያ ሥርዓት የተቋቋመው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አብራሪም ተቆጣጣሪም ጽፎ ይልካል፣ ስሙ ይነሣል፣ ትምህርቱ ለሁሉም ይታተማል።

ለወጣት ተቆጣጣሪዎች፦ ስህተቱ የእናንተ ሲሆን

መጀመሪያ ትራፊኩን አስተካክሉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የጥሪ ስሙን ሙሉውን ጥሩ፣ አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጡ። አብራሪው «ቲካስ አርኤ» ካለ፣ ማለትም መሣሪያው ውጣ ወይም ውረድ ብሎ አዝዞት ከሆነ፣ እጃችሁን አውጡ፤ ግጭቱ መወገዱን ራሱ እስኪነግራችሁ ድረስ ከፍታውንም አቅጣጫውንም ለመለወጥ አትሞክሩ። የኡበርሊንገን ልጆች ዋጋ የከፈሉበት ደንብ ነው።

ቀጥሎ ለሱፐርቫይዘሩ ንገሩና ተተኪ ጠይቁ። «ደህና ነኝ፣ እጨርሳለሁ» አትበሉ። ሐሳባችሁ ወዳለፈው አውሮፕላን ስለሚመለስ የሚቀጥለውን አታዩትም። ስትሪፑን እንዳለ ተዉት፤ አትሰርዙ፣ አታስተካክሉ። በኋላ የምትጨምሩት አንዲት መስመር እውነተኛውን ሁሉ ታስጠረጥራለች። ከዚያ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ፣ ከባልደረባ ጋር ከመወያየታችሁ በፊት፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ። የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። የጎደለውንም መዝግቡ፦ ስንት ሰው ነበር፣ የትኛው ስክሪን ይንተባተብ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያረፋችሁት መቼ ነው። ይህ ሰበብ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፤ መርማሪው የ1.17ን ክፍል የሚሞላው በዚህ ነው። ማታ ብቻችሁን አትሁኑ። ባልደረባ ያጋጠመው ካለ ደግሞ ቤቱ ሂዱ፣ ስለ አደጋው ሳትጠይቁ አብራችሁት ተቀመጡ።

ምክረ ሐሳቡ የት ደረሰ?

ብዙ ሰው ሪፖርቱ ሲወጣ ፋይሉን ይዘጋል፤ ተጠያቂነት ግን የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ምዕራፍ 4ን አውጡ፣ የእያንዳንዱን ምክረ ሐሳብ ቁጥር፣ የተጻፈለትን መሥሪያ ቤትና ቀኑን በአንድ ዝርዝር መዝግቡ። በአሜሪካ ቦርዱ ለእያንዳንዱ የተሰጠውን ምላሽ ተቀባይነት ያለውና የሌለው ብሎ በድረ ገጹ ያሳያል፤ ማንም ማየት ይችላል። ሌላ አገር ከሆነ በዓመቱ ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ጋዜጠኛ ከሆናችሁ ዜናው ይኸው ነው። ከፖቶማኩ አደጋ በኋላ ቦርዱ በማርች 2025 ያወጣው አስቸኳይ ምክረ ሐሳብ ማኮብኮቢያ 33 ሥራ ላይ ሲሆን ከሄይንስ ፖይንት እስከ እኛው ሰፈር ዊልሰን ድልድይ ያለው የሄሊኮፕተር መስመር እንዲዘጋ ነበር፤ ኤፍኤኤም ተቀብሎታል። ለዕድሩ ጸሐፊ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። የሚቀጥለው ሥራው ለምክር ቤት ተወካያችን ጽፎ፣ በሌሎች ከተሞች ያሉት ተመሳሳይ መስመሮች ተፈትሸው እንደሆነ መጠየቅ ነው።